ብስክሌቱ ሲሰበርስ?



ዘንድሮ አንድ ተማሪያችን ውድ የተራራ ብስክሌቱን ለወራት ግድግዳ አስደግፎ አቆመው። የተሰበረው የኋላ ማርሹን የሚይዘው ማንጠልጠያ ነበር፤ ከጣት የማይበልጥ ብረት። ፉንዲው ቢፈልግ ቢፈልግ ለዚያ ሞዴል የሚገጥም እዚህ ናይሮቢ አላገኘም።

ይህ ስፖርት የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ፣ የካሊፎርኒያ ወጣቶች አሮጌ ብስክሌት እየጠጋገኑ ከተራራ ሲወርዱበት ነው። ዛሬ የለመድነው 26 ኢንች ጎማ ለ27.5 እና ለ29 ቦታውን ለቋል፤ የኋላው አክስል ስፋትም ከ135 ወደ 142፣ ቀጥሎም ወደ 148 ሚሊሜትር አድጓል። ለውጡ ጥቅም የለውም አንልም፤ ትልቅ ጎማ ድንጋይ በቀላሉ ይሻገራል፣ ሰፊ አክስልም ቸርኬውን ያጠነክራል። ነገር ግን የትናንቱ ዕቃ ለዛሬው አይገጥምም። በ2020 በወረርሽኙ ጊዜ ፈላጊው በዝቶ ዋጋው ሲያሻቅብ ደግሞ ወጪው ይበልጥ ከበደ።

ፋብሪካዎች ከፈለጉ መስማማት ይችላሉ። ኤስራም በ2019 ያቀረበውን አንድ ወጥ ማንጠልጠያ ብዙዎቹ ተቀብለውታል።

በእኛ እምነት፣ ቅዳሜ ካሩራ ጫካ ውስጥ ለሚነዳ ልጅ የዓመቱን አዲስ ሞዴል መግዛት ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው። ከመክፈላችን በፊት «ይህ ቢሰበር መለዋወጫው እዚህ ይገኛል ወይ?» ብለን እንጠይቅ። ልጆቻችንም ካላማዳሪ መለጠፍና ካቴና መቀጠል ይማሩ። መጠገን የሚችል ልጅ መንገድ ላይ አይቀርም።