«ምንም የለብህም» መልስ አይደለም

በፍኖተ ሰላም ወይም በቡሬ ዙሪያ ካሉት የገጠር ቀበሌዎች ከአንዱ የመጣ አንድ የ12ኛ ክፍል ተማሪ አለ እንበል። ልቡ ያለ ምክንያት ድው ድው ይልበታል፤ ትንፋሽ ያጥረዋል፤ ጣቶቹ ይደነዝዛሉ፤ መጽሐፍ ገልጦ በተቀመጠ ቁጥር ሆዱ ይታወካል። ወደ ጤና ጣቢያ ይሄዳል፤ ደሙና ሰገራው ይመረመራል፤ የወባ ምርመራም ይደረግለታል። ውጤቱ ሁሉ ደኅና ይሆንና «ምንም የለብህም፤ ጭንቀት ነው» ተብሎ ይሸኛል። ተማሪው ግን እፎይ ብሎ አይመለስም። «ምንም ከሌለብኝ ይህ ሁሉ ከየት መጣ? ያላዩልኝ ነገር ቢኖር ነው እንጂ» እያለ ከቀድሞው ይበልጥ ፈርቶ ወደ ቤቱ ያመራል።

ውድ አንባብያን፣ በዚህ ጽሑፍ ልንሟገትለት የወደድነው ሐሳብ አጭር ነው። ጭንቀት የሚወልደው የአካል ሕመም የሐሰት ሕመም አይደለም። ስለዚህም «ምንም የለብህም» የሚለው ቃል ማጽናኛ ቢመስልም አያጽናናም። ለታማሚው የሚገባው መልስ «የሚሰማህ እውነት ነው፤ ምንጩ ይህ ነው፤ የሚሻልህም እንዲህ ነው» የሚል ነው።

ቋንቋችን አስቀድሞ ያወቀው

አማርኛ አካልንና መንፈስን ፈጽሞ ለያይቶ አያውቅም። የደነገጠ ሰው «ጉልበቴ ከዳኝ» ይላል፤ የፈራ «ሐሞቴ ፈሰሰ» ይላል፤ ተስፋው የተሟጠጠበት «ወሽመጤ ተቆረጠ» ይላል፤ ያዘነ ደግሞ «አንጀቴ ተላወሰ» ይላል። ዘመናዊው ሳይንስም በራሱ መንገድ ተጉዞ እዚሁ ደርሷል። አሜሪካዊው የፊዚዮሎጂ ሊቅ ዋልተር ካነን እ.ኤ.አ. በ1915 ባሳተመው መጽሐፍ ፍርሃትና ቁጣ ልብን፣ ጨጓራንና የደም ዝውውርን እንዴት እንደሚለውጡ በዝርዝር አሳይቷል። የዓለም ጤና ድርጅት ያዘጋጀውና በአገራችንም ለጥናት ያገለገለው ባለ 20 ጥያቄ የአእምሮ ጤና መጠይቅም ስለ ሐዘንና ስለ ፍርሃት ብቻ አይጠይቅም። «ራስዎን ያምዎታል? እጅዎ ይንቀጠቀጣል? ምግብ አልፈጭ ይልዎታል?» የሚሉ ጥያቄዎችም አሉበት። የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበርም እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው 5ኛው የምርመራ መመሪያ ለዚህ ዓይነቱ ሕመም «በምርመራ ምክንያቱ ያልተገኘ» መሆን አለበት የሚለውን የቀድሞ መስፈርት አንሥቶታል። ዋናው ነገር ሰውየው ስለ ሕመሙ የሚያስበው፣ የሚሰማውና የሚያደርገው ሆኗል።

አካል እንዴት ይደነግጣል?

በአንጎላችን ውስጥ አሚግዳላ የሚባል፣ የለውዝ ፍሬ የሚያህል ክፍል አለ። ይህ ክፍል አደጋ የመሰለውን ነገር ሲያይ ሃይፖታላመስ ለተባለው ሌላ ክፍል ምልክት ይሰጣል። ምልክቱ በነርቭ በኩል ከኩላሊቶቻችን በላይ ወደሚገኙት አድሬናል ዕጢዎች ሲደርስ አድሬናሊን የተባለው ቅመም ወደ ደም ይገባል። ልብ ፈጥና ትመታለች፤ ደም ከአንጀት ወደ ክንድና ወደ እግር ጡንቻዎች ያዘነብላል፤ ላብ ያጠምቃል። ይህ ሁሉ ለሩጫ ወይም ለትግል መዘጋጀት ነው። ወንበር ላይ ተቀምጦ የፈተና ወረቀት ለሚጠብቅ ተማሪ ግን የሚሮጥበትም ሆነ የሚታገለው ነገር ስለሌለ ዝግጅቱ ራሱ ሕመም ሆኖ ይሰማዋል።

ትንፋሽ አጠረኝ የሚለውም በዚያች ሰዓት ብዙ ጊዜ የሚተነፍሰው ከሚገባው በላይ ነው። በፍጥነት ሲተነፍስ በደሙ ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይቀንሳል፤ ወደ አንጎል የሚሄዱት የደም ሥሮች ይጠባሉ፤ ራሱን ያዞረዋል፤ ጣቶቹና ከንፈሮቹ ይደነዝዛሉ። እርሱም «ልሞት ነው» ብሎ ይበልጥ ይፈራል፤ ፍርሃቱም ትንፋሹን ይበልጥ ያፈጥነዋል። እነሆ፣ ክቡ ተዘጋ።

የእኛ አካባቢ ጭንቀት

ምዕራብ ጎጃም ጤፍ፣ በቆሎና በርበሬ የሚመረትበት ለም ምድር ነው። ልጆቹ ግን በቅርብ ዓመታት ከባድ ነገር ተሸክመዋል። በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከየትምህርት ቤቱ ወጥቶ በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች ተሰጠ፤ ያን ጊዜ በመላ አገሪቱ ግማሽና ከዚያ በላይ ውጤት ያመጡት ከ100 ተፈታኞች 3 ያህሉ ብቻ ነበሩ። ወላጅ ጥሪቱን አሟጦ ያስተማረው ልጅ ይህን ቁጥር በልቡ ይዞ ሲያጠና አካሉ ቢደነግጥ ሊያስደንቀን አይገባም።

በዚያው ዓመት መጨረሻ ደግሞ ጦርነት መጣ። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ነሐሴ 7 ቀን በፍኖተ ሰላም ከተማ ላይ በደረሰው የአየር ጥቃት ከ20 በላይ ሰዎች መሞታቸው በወቅቱ ተዘግቧል። በክልሉ ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ቆይተዋል። አደጋ ባለበት ሰዓት መደንገጥ በሽታ አይደለም፤ ጠባቂያችን ነው። አደጋው ካለፈ በኋላም በር ሲጋጭ ወይም ሞተር ብስክሌት ሲያጓራ ልቡ የሚዘልል ሰው ግን ጠባቂው ዘብ እንደ ቆመ የቀረበት ሰው ነው። አባቶች «እባብ ያየ በልጥ በረየ» ያሉት ይህንኑ ነው። እንዲህ ያለውን ሰው «ፈሪ» ማለት የነርቭ ሥርዓትን አሠራር አለማወቅ ነው እንላለን።

በማገገም ላይ ላለ ሰው

ብዙዎችን ተስፋ የሚያስቆርጠው ሌላው ነገር ሕመሙ በአንድ ጊዜ አለመጥፋቱ ነው። ሳምንት ተሽሎት የሰነበተ ሰው አንድ ሌሊት ልቡ እንደገና ሲመታ «ድካሜ ሁሉ ከንቱ ሆነ» ይላል። የራስ ምታቱ ተሽሎት ሆዱን ያመመው «ደግሞ ሌላ በሽታ ያዘኝ» ይላል። ይሁን እንጂ ማገገም ሽቅብና ቁልቁል ያለበት መንገድ ነው። አርሶ አደር የደነበረችን በቅሎ በዱላ አያረጋጋትም፤ ልጓሟን ይዞ በዝግታ ወደ ደነበረችበት ስፍራ ይመልሳታል እንጂ። አንድ ቀን እንደገና ብትደነብርም «ይህች አትገራም» ብሎ አይተዋትም።

ስለሆነም የሚያገግም ሰው ከሁለት ነገሮች ቢጠነቀቅ መልካም ነው። አንደኛው ራስን ዘወትር መመርመር ነው፤ በየደቂቃው የልቡን ምት የሚቆጥር ሰው ልቡን አያሳርፋትም። ሁለተኛው መሸሽ ነው። ክፍል ውስጥ አዞረኝ ብሎ ከትምህርት የቀረ ተማሪ ለዕለቱ ቀለል ይለዋል፤ አንጎሉ ግን «ክፍሉ በእርግጥ አደገኛ ኖሯል» ብሎ ይማራል። መፍትሔው ጥቂት በጥቂት መመለስ ነው፦ ዛሬ አንድ ክፍለ ጊዜ፣ ነገ ሁለት።

ታዲያ ምን ይደረግ?

አስቀድሞ መመርመር ግድ ነው። የደም ማነስ፣ የእንቅርት ዕጢ መታወክና የልብ ሕመምም ልብን ያስመታሉ፤ በአካባቢያችን ትኩሳት ሁሉ ወባን ሊያስጠረጥር ይገባል። ራሱን የሳተ፣ ሥራ ሲሠራ ደረቱን የሚያመው፣ የከሳ ወይም ደም ያየ ሰው «ጭንቀት ነው» ብሎ መቀመጥ የለበትም። ምርመራው አንድ ጊዜ በሚገባ ተደርጎ ደኅና ከሆነ ግን ከአንዱ ክሊኒክ ወደ ሌላው መንከራተት ፍርሃቱን ይመግበዋል እንጂ አያበርደውም።

ድንጋጤው ሲመጣ ለ4 ሴኮንድ ያህል ወደ ውስጥ፣ ለ6 ሴኮንድ ያህል ወደ ውጭ በዝግታ መተንፈስ ይረዳል። ከባዱ ድንጋጤ አብዛኛውን ጊዜ በ10 ደቂቃ ውስጥ ጣሪያው ላይ ደርሶ መውረድ ይጀምራል፤ ይህን ማወቅ ብቻውን ግማሽ መድኃኒት ነው። በፈተና ሰሞን ቡናውን ከአቦል እስከ በረካ ጠጥቶ፣ ጫትም ጨምሮ ሌሊቱን የሚያነጋ ተማሪ ልቡ ቢመታ ልቡን አይውቀሳት። ካፌይን ከ5 ሰዓት ያህል በኋላም ግማሹ በደም ውስጥ ይኖራል። ሕመሙ ትምህርትን ወይም ሥራን ካስተወ፣ ወይም ሕይወትን የመጥላት ሐሳብ ከመጣ ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ባለሙያ መሄድ ያስፈልጋል፤ በንግግር የሚሰጥ ሕክምናም ሆነ መድኃኒት አለው። ጠበል የሚጠመቅ ሰውም ወደ ሐኪም ለመሄድ አንዱን ከሌላው መምረጥ አይኖርበትም።

ከሁሉ በላይ ግን የሚያስፈልገው ቃላችንን ማረም ነው። ቀድሞ ስለ አእምሮ ሕመም ለመታከም አዲስ አበባ ድረስ ወደ አማኑኤል ሆስፒታል መሄድ የግድ ይመስል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2003 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሥነ አእምሮ ስፔሻሊስቶች ሥልጠና በአገር ውስጥ ተጀመረ፤ በዚያው ዓመት የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራምም ሠራተኞችን እስከ ቀበሌ አደረሰ። ባለሙያው እስኪበዛ ድረስ የመጀመሪያውን መልስ የሚሰጡት ግን መምህሩ፣ እናትና አባት፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋና የክፍል ጓደኛው ናቸው።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይባላል። ተማሪው አልደበቀም፤ ተናግሯል። የደበቅንበት እኛ ነን፤ «ምንም የለብህም» ብለን። እናንተ የሳይንስ ተማሪዎች ለዕረፍት ወደየቀያችሁ ስትመለሱ ታናናሾቻችሁን አስቀምጣችሁ ልብ ለምን እንደምትመታ ብታስረዷቸው ትልቅ ሕክምና ሰጣችሁ ማለት ነው። ፍኖተ ሰላም ማለት የሰላም መንገድ ማለት ነው። የደነገጠ አካልም ወደ ሰላሙ የሚመለሰው በዚሁ ዓይነት መንገድ፣ በእርምጃና ከአጠገቡ በሚሄድ ሰው ነው።