ስለ ቀጠና ሹመትና ስለ ዋጋው የተደረገ ጨዋታ

ወዳጄ ከአንድ የንግድ ድርጅት የምሥራቅ ቀጠና ሥራ አስኪያጅ ሆኖ ድሬዳዋ እንዲቀመጥ፣ ከዚያም ሆኖ ሐረርንና ጅግጅጋን ጨምሮ እስከ ድንበር ያለውን የዘይት፣ የሳሙናና የፓስታ ሽያጭ እንዲመራ ጥሪ ከቀረበለት ወዲህ፣ ሌላውን ጨዋታ ሁሉ ትቶ፣ ነገሩን የሚጀምረውም የሚጨርሰውም በአንድ ጥያቄ ሆኗል።

«የሚፈልጉትን ደመወዝ ይጻፉ ብለውኛል፤ ስንት ብዬ ልጻፍ?» አለኝ። «ብዙ ብጠይቅ ይሸሹኛል፤ ጥቂት ብጠይቅ ራሴን አረክሳለሁ።»

«ቁጥሩን ከመጻፍህ በፊት፣ የምትሾመው በምን ላይ እንደ ሆነ ጠይቀሃልን?» አልሁት።

«በምሥራቁ ቀጠና ላይ ነዋ!»

«ቀጠናውስ አገር ነው፤ አገር ደግሞ በሹመት ደብዳቤ አይታዘዝም። እኔ የምልህ፣ ሰው መቅጠርና ማሰናበት፣ ለነጋዴ በዱቤ መስጠትና ዋጋ መቀነስ፣ መኪና ማሰማራትና መጋዘን መከራየት፣ ይህ ሁሉ በፊርማህ ይፈጸማል ወይስ ስለ እያንዳንዱ ጉዳይ ወደ አዲስ አበባ እየጻፍህ መልስ ትጠብቃለህ?»

ወዳጄ ጥቂት አሰበና፣ «እርሱን አልጠየቅሁም፤ ደመወዙ ከተቆረጠ በኋላ የሚደረስበት ነገር መስሎኝ ነበር» አለ።

«እኔ ግን ከዚያ እጀምራለሁ» አልሁት። «በቀደመው ዘመን አንድ ሰው በአንድ ግዛት ላይ ሲሾም፣ ከመንግሥት ግምጃ ቤት በየወሩ የሚቆጠርለት ደመወዝ አልነበረውም፤ ሲሳዩ የሚወጣው ከአገሩ ግብርና ከተሰጠው ማደሪያ ነበርና፣ ሥልጣኑ ሰፊ፣ ተቆጣጣሪው ሩቅ፣ ዘመነ ሹመቱም የማይታወቅ በመሆኑ፣ ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ተብሎ እስኪተረት ድረስ ሁሉም በጊዜው ለመሰብሰብ ይጣደፍ ነበር። ከጠላት ወረራ በኋላ በ1934 ዓ.ም. የወጣው የአገር አስተዳደር ደንብ ግን፣ አገረ ገዢውን በአገር ግዛት ሚኒስቴር ሥር ያለ ደመወዝተኛ አደረገው። ዛሬ የቀጠና ሥራ አስኪያጆችን ኑሮ ስመለከት ነገሩ ተገልብጦ አገኘዋለሁ፤ የጥንቱ ሹም ሥልጣን ሳለው ደመወዝ አልነበረውም፣ ከዛሬዎቹ መካከል ግን ብዙዎቹ ደመወዝ ሳላቸው ሥልጣን የላቸውም፤ ሽያጩ ሲወድቅ የሚጠየቁት እነርሱ ሲሆኑ፣ ሽያጩን ሊያነሣ ይችል የነበረው ውሳኔ ግን በዋናው መሥሪያ ቤት በሌላ ሰው ጠረጴዛ ላይ ያድራል።»

«ታሪኩስ መልካም ነው፤ ከእኔ ደመወዝ ጋር ምን ያገናኘዋል?»

«አንድ ድርጅት ለአንድ ሹም የሚከፍለው፣ ሰውየው ስለ ደከመ ወይም ስለ ተማረ ብቻ አይደለም፤ ቢሳሳት ሊጠፋ በሚችለው ንዋይ፣ ቢበረታም ሊገኝ በሚችለው ትርፍ ልክ ነው። ትምህርቱና የሥራ ልምዱ በሩን ያስከፍቱለታል፤ ከበሩ ወዲያ ግን የሚመዘነው፣ ስንት ሠራተኛ እንደሚታዘዝለት፣ ስንት ቅርንጫፍና ስንት መጋዘን በእጁ እንደሚያድር፣ በፊርማው እስከ ስንት ብር ሊወጣ እንደሚችል ነው። ስለዚህ ሁለት ሰዎች በአንድ መዓርግ እየተጠሩ፣ የአንዱ ደመወዝ የሌላውን እጥፍ ቢሆን አትደነቅ፤ አንደኛው ሹም ነው፣ ሁለተኛው ሹም የሚል ጽሑፍ የተለጠፈበት መልእክተኛ ነው።»

«እንግዲያስ ባንክ ቤት ያለው የአብሮ አደጌ ደመወዝ ለእኔ መለኪያ አይሆነኝም ማለትህ ነው?»

«ቀጣሪው ሲለያይ ሚዛኑም ይለያያል። በመንግሥት የልማት ድርጅት ደመወዙ በደረጃና በእርከን የታሰረ ስለ ሆነ ድርድር የሚባለው ነገር እምብዛም ቦታ የለውም። በባንክ ቤት የዲስትሪክት ሥራ አስኪያጅ የሆነው ወዳጅህ በወር ከሚቆጠርለት ይልቅ፣ የነዳጁ አበልና በዝቅተኛ ወለድ የሚያገኘው የቤትና የመኪና ብድር ይበልጥ ሊጠቅመው ይችላል። በውጭ አገር የርዳታ ድርጅት የሚሠራው ደግሞ ደመወዙ ለጆሮ ደስ ቢያሰኝም፣ ዕድሜው ከፕሮጀክቱ ዕድሜ አያልፍም። አንተን የጠራህ የንግድ ድርጅት ግን፣ መሠረታዊውን ደመወዝ ዝቅ አድርጎ ኮሚሽኑን ከፍ ማድረግ ከሚወዱት ወገን መሆኑን ራስህ ነግረኸኛል።»

«አዎን፤ ታርጌቱን ከመታሁ ኮሚሽኑ ብቻውን ደመወዙን ያህላል ብለውኛል።»

«ታርጌቱን የቆረጠውስ ማን ነው? ድሬዳዋ በ1895 ዓ.ም. የባቡር ሐዲድ ሲደርስ የተቆረቆረች፣ ከዚያን ጊዜም ጀምሮ ከጅቡቲ ለሚመጣው ዕቃ መተላለፊያ የሆነች፣ በ2014 ዓ.ም.ም የአገሪቱ የመጀመሪያው ነፃ የንግድ ቀጠና የተመረቀባት የንግድ ከተማ ናት፤ ይህን የሰማ የዋናው መሥሪያ ቤት ሰው፣ ገበያ ባለበት ሽያጭ አይታጣም ብሎ ቁጥሩን እንዳሻው ይሰቅለዋል። ነገር ግን በቶጎ ውጫሌ በኩል ቀረጥ ሳይከፈልበት የሚገባው ዘይትና ፓስታ ጅግጅጋ ላይ ከአንተ ዕቃ ባነሰ ዋጋ ሲሸጥ፣ አንተ ዋጋ ለመቀነስ ካልተፈቀደልህ፣ ያ ኮሚሽን በወረቀት ላይ ብቻ የሚኖር ሀብት ነው። የደንገጎን አቀበት በቀን ሁለት ጊዜ ብትወጣና ብትወርድ ኮንትሮባንድን በትጋት አታሸንፈውም። ስለዚህ ኮሚሽን በርትዕ ደመወዝ የሚባለው፣ ተቀባዩ ሊያዝዘው ከሚችለው ነገር ጋር ሲታሰር ነው፤ ከማያዝዘው ነገር ጋር የታሰረ ኮሚሽን ግን ዕጣ ነው፤ በዕጣ ደግሞ የልጆች ቀለብ አይሸመትም።»

ወዳጄ በዚህ ሐተታ የተስማማ ቢመስልም ልቡ ከቁጥሩ አልራቀምና፣ «ኮሚሽኑን ተወው፤ መሠረታዊው 60,000 ብር ቢሆን መልካም አይደለምን? አሁን ከምበላው ይበልጣል» አለኝ።

«ግሮሱ ነው ወይስ ኔቱ?»

«ግሮሱ።»

«እንግዲያስ አብረን እናስላው። በ2017 ዓ.ም. የተሻሻለው የገቢ ግብር አዋጅ፣ ከወር ደመወዝ እስከ 2,000 ብር ያለውን ከግብር ነፃ አድርጎ፣ ከዚያ በላይ ያለውን ከ15 በመቶ ጀምሮ በየደረጃው እያሳደገ፣ ከ14,000 ብር በላይ ከሆነው ላይ 35 በመቶ ይወስዳል። በዚህ ስሌት ከ60,000 ብር 18,950 ብር ለግብር ይሄዳል፤ ለጡረታ ከአንተ የሚቆረጠው 7 በመቶ ሲሆን እርሱም 4,200 ብር ነው፤ ድርጅቱ ከራሱ የሚጨምርልህ 11 በመቶ ለጊዜው ከእጅህ አይገባም። ስለዚህ ይዘህ የምትወጣው 36,850 ብር ነው። ከዚህም በኋላ ተደራድረህ 10,000 ብር ብታስጨምር፣ በኪስህ የሚገኘው ጭማሪ 5,800 ብር ብቻ ነው፤ ከ14,000 ብር በላይ ካለው ከእያንዳንዱ መቶ ብር 58ቱ ለአንተ፣ 42ቱ ለግብርና ለጡረታ ነውና።»

«በዚህችው 5,800 ብር ድሬዳዋ ቤት ተከራይቼ፣ የአዲስ አበባውን ቤትም ልይዝ ነው?»

«ለዚህ እኮ ነው ቦታው ራሱ የዋጋው አንድ ክፍል የሚሆነው። ልጆችህ ትምህርት ስላላቸው ቤተ ሰብህ ከአንተ ጋር አይዛወርም፤ እንግዲህ ሁለት ምድጃ ልታነድ ነው። ይህን ወጪ በደመወዝ ጭማሪ ከምትሸፍነው፣ ድርጅቱ ቤቱን በራሱ ስም እንዲከራይልህ ብታደርግ ይሻላል፤ አከራዩ ዋጋ በጨመረ ቁጥር የሚጨነቀው ድርጅቱ ይሆናልና። የበረሃ አበሉን፣ የውሎ አበሉን፣ የነዳጁን፣ ወደ ቤተ ሰብህ የምትመላለስበትንም የትራንስፖርት ወጪ አስቀድመህ ተናገር። ነገር ግን ሁሉ በአበል ይሁንልኝ ብለህ መሠረታዊውን ደመወዝ አታሳንሰው፤ አበል ለዛሬ ነው፣ ጡረታህ የሚሰላው ግን በመሠረታዊው ደመወዝ ነው። ደግሞም ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲመራ በተደረገ ጊዜ፣ በ57 ብር ገደማ ይመነዘር የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር ማለፉን አስታውስ፤ በዚያ ዓመት ውሉን የፈረመና ደመወዙ የሚሻሻልበትን ቀን ያላጻፈ ሰው፣ ሥራው ሳይቀንስ የደመወዙ ኃይል ቀነሰበት።»

«በሕግ የሚያስጠብቅልኝ ነገር የለም? የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ አለ አይደለም እንዴ?»

የጨዋታችን ዐቢይ ነገር ያለው እዚህ ላይ ነበርና፣ ረጋ ብዬ ነገርሁት። «አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አለ፤ ለሠራተኛው የዓመት ፈቃዱን፣ የሥራ ሰዓቱን፣ ያለ በቂ ምክንያት አለመሰናበቱን፣ ሲሰናበትም የሚያገኘውን የስንብት ክፍያ ይደነግግለታል። ነገር ግን ያው አዋጅ የሥራ መሪ ብሎ የሚጠራውን ሰው ከጥበቃው ውጭ አድርጎታል፤ የሥራ መሪ የሚባለውም ትልቅ ወንበር ላይ የተቀመጠው ሁሉ ሳይሆን፣ በሕግ ወይም በአሠሪው ውክልና የሥራ አመራር ፖሊሲ የማውጣትና የማስፈጸም፣ ወይም ሠራተኛ የመቅጠር፣ የማዛወር፣ የማገድና የማሰናበት ሥልጣን የተሰጠው ነው። የእንዲህ ያለው ሰው ጉዳይ የሚታየው በገባው ውልና በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው።»

«እንዴት ነው ነገሩ!» አለ ወዳጄ ጽዋውን አስቀምጦ። «ሥልጣን ጠይቅ የምትለኝ አንተ፣ ሥልጣን ካገኘሁ ሕጉ ይለቅቀኛል የምትለኝም አንተ?»

«ነገሩ እንደዚያው ነው፤ ሥልጣን ዋጋ የሚያወጣበትም ምክንያት ይኸው ነው። ከአንተ በታች ያለው ሾፌርና የመጋዘን ጠባቂ፣ ማንም ምንም ባይጽፍላቸው አዋጁ ተጽፎላቸዋል፤ ለአንተ ግን ከውልህ የቀረበ አዋጅ የለህም። የማስጠንቀቂያው ጊዜ ስንት ወር እንደ ሆነ፣ ቢያሰናብቱህ የስንት ወር ደመወዝ እንደምትቀበል፣ የሠራህበት ኮሚሽን ከወጣህ በኋላ ይከፈልህ እንደ ሆነ፣ ይህ ሁሉ ካልተጻፈ ነገ በፍርድ ቤት የምትከራከረው በትዝታ ነው። በቃል ያለ ይረሳል ብለው አባቶቻችን የተናገሩት ለዚህ ነው። ስለዚህ ደመወዝህን ስታስብ፣ የሥራህን ዋጋ ብቻ ሳይሆን የተውኸውንም ከለላ ዋጋ ጨምረህ አስብ።»

«መልካም፤ ግን ይህን ሁሉ ገና ሳልቀጠር ብዘረዝርባቸው ገንዘብ ወዳድ አይሉኝም? ይሉኝታ ይይዘኛል።»

«በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 20 ያሉትን የወይን ቦታ ሠራተኞች አስባቸው» አልሁት። «በማለዳ የመጡት በቀን አንድ ዲናር ተዋውለው ገቡ፤ ማታ በአሥራ አንድ ሰዓት የመጡትም እንደ እነርሱ አንድ ዲናር በተቀበሉ ጊዜ አንጐራጐሩ፤ ባለቤቱ ግን ውላችሁ ይኸው አይደለምን ብሎ አፋቸውን ዘጋ። ሊቃውንቱ በዚህ ምሳሌ የሚተረጉሙት የእግዚአብሔርን ቸርነት ነው፤ እኔ ግን ለምድራዊው ጉዳያችን የምወስደው፣ ቸር የሆነው ጌታ እንኳ ቅሬታ በተነሣ ጊዜ የጠቀሰው ውሉን መሆኑን ነው። ቸርነቱ ላልተረጋገጠልህ ጌታ ስትገባማ ይልቁንም ውሉን አስቀድም። ደግሞስ ቀጠናውን የሚሰጥህ፣ ከነጋዴ ጋር ስለ ሳንቲም እንድትከራከርለት አይደለምን? ስለ ራሱ ለመናገር የሚያፍር ሰው ስለ ድርጅቱ ይከራከራል ብሎ ማን ያምነዋል?»

ወዳጄ ሣቀና፣ «እሺ፣ ቁጥሩን ግን እስካሁን አልነገርኸኝም» አለ።

«ቁጥሩን ከላይ ወደ ታች ሳይሆን ከታች ወደ ላይ ፈልገው። ሁለቱ ቤቶችህ በወር የሚፈልጉትን፣ ልታስቀምጥ የምትሻውንም ጨምረህ ደምር። 40,000 ብር ቢመጣልህ፣ እስከ 14,000 ብር ያለው ከ35 በመቶ ባነሰ ግብር ስለሚታሰብ የሚተርፍልህን 2,050 ብር ከዚያ ላይ ቀንስና የቀረውን ለ0.58 አካፍለው፤ 65,431 ብር ያህል ታገኛለህ፤ ግሮሱ ይህ ነው። ከዚህ ዝቅ ካለ ከኪስህ እያወጣህ ልትሠራላቸው ነው። ይህ ግን ወለሉ እንጂ ዋጋህ አይደለም፤ ዋጋህ የሚታወቀው ሥልጣንህን ዘርዝረው በጽሑፍ በሰጡህ ቀን ነው።»

«ሥልጣኑን ከልክለው ደመወዙን እጥፍ ቢያደርጉልኝስ?»

«ያን ጊዜ የሚገዙት ሥራህን ሳይሆን ስምህን ነው፤ ሽያጩ በወደቀ ጊዜ የሚጠራ ስም ይፈልጋሉና።»

«ስሜንስ እወድደዋለሁ» አለ ወዳጄ፣ «ነገር ግን የልጆቼ ትምህርት ቤት በስም አይከፈልም።»

ይህም እውነት ስለ ሆነ ልቃወመው አልቻልሁም፤ «እንግዲያስ እጥፉን ተቀበል» አልሁት፤ «ነገር ግን ውሉን የአንድ ዓመት አድርገው፤ በዓመቱም ሥልጣኑን ካልሰጡህ፣ በፈቃድህ ብትለቅቅም የስንብቱ ክፍያ እንዳይቀርብህ አሁኑኑ አጽፍ።»