ለአንድ ካርድ ሁለቴ አልከፍልም

ደብረ ብርሃን እናቴ ቤት ጣሪያ ላይ ዲሽ አስተክያለሁ። በዓል ሲደርስ አዲስ አበባ ያለውን ዲኮደር ከነካርዱ ነቅዬ፣ በፎጣ ጠቅልዬ ይዤ እሄዳለሁ። ወርሃዊ ክፍያዬን ከፍያለሁ፤ ዲኮደሩንም በገንዘቤ ገዝቼዋለሁ። ባለፈው ፋሲካ ቻናሎቹ አልከፈት ሲሉኝ ወደ ክፍያ ቴሌቪዥን ድርጅቱ ደንበኞች አገልግሎት ደወልኩ። የኦፕሬተሯ መልስ ይህ ነበር፦ «የተመዘገቡት በአዲስ አበባ አድራሻ ነው፤ ለሌላ ቤት ሌላ ውል ይግቡ።»

ሌላ ውል! የምን ሌላ ውል?

ሳተላይቱ ከምድር ወገብ በላይ 36 ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ ነው ያለው። ከዚያ የሚወርደው ሞገድ አዲስ አበባንም፣ 130 ኪሎ ሜትር ያህል የምትርቀውን ደብረ ብርሃንንም ያዳርሳል። እኔ ቦታ ስለቀየርኩ ድርጅቱ አምስት ሳንቲም አያወጣም። ዲሹን የገዛሁት እኔ፤ ለዲሽ ሠራተኛው የከፈልኩት እኔ፤ የሲግናሉ መለኪያ እስኪሞላ ኤልኤንቢውን ቀስ እያደረገ ሲያዞር መሰላሉን ይዤ የቆምኩትም እኔ! የተቆለፈውን ምስል የሚፈታው ካርዱ ነው፤ የመክፈቻው ፈቃድም ለካርዱ የሚደርሰው በዚያው በሳተላይቱ በኩል ነው። ዲኮደር ተነቅሎ ሲቆይ ፈቃዱን እንደገና መላክ ሊያስፈልግ ይችላል። ከዚያች ኦፕሬተር የፈለግኩት ይህንኑ ብቻ ነበር።

አንዱን ክፍያ ለሰፈሩ ሁሉ የሚቸረችር ሰው ቢቀጣ አልከራከርም፤ ያ ሌብነት ነው። የእኔ ግን አንድ ካርድ ነው። እናቴ ሳሎን ሲሠራ አዲስ አበባ ያለው ቴሌቪዥኔ ምንም አያሳይም። ይህንን ከዚያ ጋር መደመር ደንበኛን መስደብ ነው።

የነፃዎቹን ቻናሎች እንይ። ብዙዎቹ የአገራችን ጣቢያዎች ከናይልሳት ወጥተው በኢትዮሳት በኩል 57 ዲግሪ ምሥራቅ ላይ ወዳለው ሳተላይት ሲዛወሩ ሕዝቡ ዲሹን አዙሮ፣ ሪሲቨሩን ስካን አድርጎ ማየቱን ቀጠለ። ያንን ሪሲቨር ጎጃም ይውሰዱት ሐረር፣ አድራሻ የሚጠይቅ የለም። ታዲያ እኔን የከለከለኝ ቴክኖሎጂው አይደለም፤ ሁለቴ የማስከፈል ፍላጎት ነው።

በዓመት ጥቂት ሳምንት ለሚከፈት ቴሌቪዥን፣ በጡረታ የምትኖር እናቴ ስም ሁለተኛ ውል አልገባም። ድርጅቱ ደንበኛው ካርዱን ይዞ ሁለተኛ ቤቱ ማየት እንደሚችል በግልጽ ያሳውቅ፤ ስንደውልም ፈቃዱን ይላክልን። እምቢ ካለ ደግሞ የሚከለክለኝን የውሉን አንቀጽ በጽሑፍ ይስጠኝ። በስልክ የሚነገር ሕግ አልቀበልም።