ሲጥታው ከአውራ ጣት ነው

«ይህ ጊታር አይጮህም!» ይሉናል። ማን ነው እንዲህ የሚለን? በሙዚቃ ክበባችን የቁም ሣጥኑን ቁልፍ የያዙት ወገኖች ናቸው። ውዱን ጊታር ለራሳቸው ቆልፈው ያስቀምጣሉ። ለአዲስ ገቢ ግን አሮጌውን ይሰጡታል። እሱም የሮክ ወዳጅ ሁሉ የሚያውቀውን ያንን ጆሮ የሚበሳ ሲጥታ ልሞክር ሲል፣ «በዚህ አይወጣም፣ አትድከም» ብለው ያሰናብቱታል። ልጁም ያምናቸዋል። ወር ሳይሞላው ክበቡን ትቶ ይሄዳል። እኛ ይህን ዝም ብለን አናልፍም!

ለመሆኑ ሲጥታው ምንድን ነው? ፒኩ ክሩን እንደመታ፣ የአውራ ጣት ጠርዝ ወዲያው ክሩን ነካ አድርጎ ይለቀዋል። ክሩም በሙሉ ርዝመቱ መርገብገቡን ይተውና በእኩል ክፍሎች ተከፋፍሎ ይርገበገባል። ለስድስት ከተከፈለ የንዝረቱ ፍጥነት ስድስት እጥፍ ይሆናል፤ ድምፁም ይቀጥናል። ሃርሞኒክ የሚባለው ይኸው ነው፤ ምትሃት የለበትም። እምቢልታ ነፊ የጣት ቀዳዳ ከሌለው ከአንዱ ቧንቧ በትንፋሹ ብቻ የተለያየ ድምፅ ያወጣል። «ቀዳዳ አጣሁ» ብሎ ሲያለቅስ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ?

«ጊታርና ጊታር ይለያያል» ባዮች ሆይ፣ እስቲ እንለካ። በፌንደር ስትራቶካስተር ላይ የሚርገበገበው ክር ርዝመት 648 ሚሊሜትር ነው፤ በጊብሰን ሌስ ፖል ላይ 628 ገደማ። የክሩ አንድ ስድስተኛ በመጀመሪያው ከብሪጁ 108፣ በሁለተኛው 105 ሚሊሜትር ያህል ርቆ ይገኛል። ልዩነቱ 3 ሚሊሜትር! አሁን ደግሞ እዚያው ስትራቶካስተር ላይ ሦስተኛውን ፍሬት እንጫን። ክሩ ያጥራል፤ ያው ነጥብም ከ108 ወደ 91 ሚሊሜትር ይሸሻል። 17 ሚሊሜትር! ታዲያ አውራ ጣታችንን የበለጠ የሚያንከራትተው የቱ ነው? ጊታር መቀየር ወይስ ፍሬት መቀየር? በአንድ ጊታር ላይ ነጥቡን እየተከተለ መሄድ የለመደ እጅ፣ በሌላው ላይ ለ3 ሚሊሜትር ብሎ አይጠፋም። ያልለመደ እጅ ግን ሌስ ፖልም ቢሰጡት ያው ነው።

ሐቁንም አንሸሽግም። ሴት ላቨር ለጊብሰን የሠራው፣ እ.ኤ.አ. በ1955 የባለቤትነት መብት የተጠየቀበት ሃምበከር፣ ባለ ሁለት ጥቅል ሽቦ ፒክአፕ ነው። ጉልበት ስላለው አምፕሊፋየሩን ቶሎ ወደ ዲስቶርሽን ይገፋዋል፤ ቀጭኑም ድምፅ ጎልቶ ይሰማል። ባለ አንድ ጥቅሉ ፒክአፕ ይደክማል። እሺ፣ ይደክማል እንጂ ዲዳ አይደለም! ብሪጁ አጠገብ ያለውን ፒክአፕ መምረጥ፣ የቶኑን ማዞሪያ እስከ መጨረሻው መክፈት፣ ዲስቶርሽኑን ጨመር ማድረግ ነው። አንገቱ አጠገብ ያለው ፒክአፕ ክሩ ጸጥ በሚልበት ነጥብ ሥር ከዋለ ያንን ሃርሞኒክ እምብዛም አይሰማውም። ስንቶቻችን ነን በዚያ ሞክረን «አልሆነም» ብለን ጊታሩን የሰቀልነው?

ምስክር ካስፈለገ፣ አሜሪካዊው ሮይ ቡካናን አለ። በዚህ ሲጥታ ስሙ የተነሣው ሌስ ፖል ታቅፎ አይደለም፤ በ1953 በተሠራ ቴሌካስተር፣ ባለ አንድ ጥቅል ፒክአፕ ባለው ጊታር ነው። ከእሱ በኋላ የመጣው ዛክ ዋይልድ በሌስ ፖል አስጮኸው። ሁለት ጊታር፣ አንድ ዘዴ። ታዲያ «በዚህ አይወጣም» የሚለው ፍርድ ከየት መጣ?

እኛ ከየት እንደመጣ እናውቃለን። ያላወቁትን ከመማር በጊታሩ ማላከክ ይቀላል። የሚያውቁት ደግሞ የአውራ ጣቱን ምስጢር ከሚያካፍሉ ቁልፉን መያዝ ይመርጣሉ። የቀረነው «ላም አለኝ በሰማይ» እያልን ውዱን ጊታር ስናልም፣ በእጃችን ያለው አቧራ ይጠጣል።

ስለዚህ እንዲህ እንላለን፦ ቁም ሣጥኑ ይከፈት፤ ሁለቱም ጊታሮች በተራ ይያዙ። አዲስ ገቢ ሲመጣ «አትድከም» ከመባል ይልቅ፣ ቀኝ እጁን በክሩ ላይ ሚሊሜትር በሚሊሜትር ከብሪጁ ወደ አንገቱ እያስጠጋ ነጥቡን እንዲፈልግ ይነገረው። የመጀመሪያው ቀን ዱብ ዱብ ይላል። የሳምንቱ መጨረሻ ላይ አንድ ጊዜ ሲጥ ይላል፤ ከዚያ በኋላ ማንም አያቆመውም።

እስከዚያው አሮጌውን ጊታር ለእኛ ስጡን። እናስጮኸዋለን!