ከተማ በአንድ ቀን ይታያልን?

አገር ለመጎብኘት የሚነሣ ሰው ሁሉ ጊዜና ገንዘብ የተትረፈረፈው አይደለም። ስለዚህም በብዙ አገሮች የሚገኙ አስጎብኚ ድርጅቶች የአንድን ከተማ ታሪካዊ ቦታዎች በአንድ ቀን ለማሳየት የሚያስችል መርሐ ግብር አዘጋጅተዋል። ጎብኚው ማለዳ ከሆቴሉ ደጃፍ በአውቶቡስ ይወሰዳል፤ ቋንቋውን የሚያውቅ አስጎብኚ ይመደብለታል፤ ሲመሽ ወደ ሆቴሉ ይመለሳል። ይህን አሠራር በሚመለከት ሁለት ተቃራኒ አስተያየቶች ይሰነዘራሉ። አንዳንዶች «ይህ ማለፍ እንጂ ማየት አይደለም» ሲሉ ይነቅፉታል። ሌሎች ደግሞ ከጉብኝቱ እንደ ተመለሱ «ያን ከተማ አሳምሬ አውቀዋለሁ» ብለው በልበ ሙሉነት ይናገራሉ። እኔ ከሁለቱም ወገን አይደለሁም። በአንድ ቀን ብዙ መማር ይቻላል ባይ ነኝ፤ ይሁን እንጂ የትምህርቱ መጠን የሚወሰነው ጎብኚው ይዞት በሚሄደው ጥያቄ ነው።

ለዚህ አስተያየቴ ማስረጃ ትሆነኝ ዘንድ በቬትናም መካከለኛ ክፍል የምትገኘውን የሁዌን ከተማ መርጫለሁ። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ልብ በሉ። ሁዌ ከ1802 እስከ 1945 ድረስ የንጉየን ሥርወ መንግሥት መናገሻ ነበረች፤ በዚህ ዘመን ውስጥም 13 ነገሥታት ተፈራርቀውባታል። በ1993 ቅርሶቿ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ሲሰፍሩ ከቬትናም የመጀመሪያዎቹ ነበሩ።

እስቲ ቀኑን በሐሳባችሁ ተከተሉት። ከዳናንግ ወደብ የተነሣችሁ እንደ ሆነ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ትጓዛላችሁ፤ በሃይ ቫን ተራራ ሥር በ2005 የተከፈተውን ከ6 ኪሎ ሜትር የሚበልጥ ዋሻ ታልፋላችሁ። ሁዌ ስትደርሱ መጀመሪያ የምታዩት ታላቁን ቅጥር ነው። ንጉሠ ነገሥት ጊያ ሎንግ በ1805 አስጀምሮት፣ ልጁ ሚን ማንግ በ1832 አስፈጸመው። ዙሪያው 10 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፣ የግንቡ አሠራር ቮባን የተባለው ፈረንሳዊ የምሽግ መሐንዲስ የቀየሰውን ዘዴ የተከተለ ነው። በዚህ ቅጥር ውስጥ ሁለተኛ ቅጥር፣ በሁለተኛውም ውስጥ ለንጉሠ ነገሥቱና ለቤተ ሰቡ ብቻ የተከለለ ሦስተኛ ቅጥር ነበር።

ወደ ሁለተኛው ቅጥር የሚያስገባው ዋናው በር ንጎ ሞን ይባላል። በ1833 የተሠራው ይህ በር አምስት መግቢያዎች አሉት። መካከለኛው ለንጉሠ ነገሥቱ ብቻ፣ ከግራና ከቀኝ ያሉት ለመኳንንቱ፣ የዳር የዳሮቹ ደግሞ ለወታደሮች፣ ለፈረሶችና ለዝሆኖች ነበሩ። አስጎብኚው ይህን አይዘነጋም፤ ደግሞም ለጆሮ የሚጥም ነገር ነው። እኔ የምመክራችሁ ግን ከዚህ በር ላይ ቀና ብላችሁ ሰገነቱን እንድትመለከቱ ነው። ነሐሴ 30 ቀን 1945 የመጨረሻው ንጉሠ ነገሥት ባኦ ዳይ የመንግሥቱን ማኅተምና ሰይፍ ለአብዮታዊው ጊዜያዊ መንግሥት መልእክተኞች ያስረከበው በዚሁ ስፍራ ነው። ማን በየትኛው በር ይግባ እየተባለ ሲደነገግ ከኖረ ከአንድ መቶ ዓመት በኋላ፣ ሥልጣኑ ራሱ በአንድ ቀን ከበሩ ላይ ወረደ።

ከበሩ በስተኋላ የዙፋኑ አዳራሽ፣ ታይ ሆዋ፣ አለ። ቀይ ቀለም የተቀቡት 80 የእንጨት ዓምዶቹ በእውነት ያስደንቃሉ። ካሜራ የያዘ ሁሉ እዚያ ይጨናነቃል። ከአዳራሹ አልፎ ያለው ሜዳ ላይ ግን የጉብኝቱ እርምጃ ይፈጥናል። እንዴት አይፈጥን? የሚታየው ሣርና የድንጋይ መሠረት ነው። በዚያ ሣር ላይ ግን ቤቶች ነበሩ። በቅጥሩ ውስጥ ከነበሩት ከ100 የሚበልጡ ሕንፃዎች ከጦርነት የተረፉት በጣም ጥቂቶች ናቸው። በ1947 በፈረንሳይ ጦርና በቬትሚን ተዋጊዎች መካከል በተደረገው ውጊያ ጊዜ የውስጠኛው ቅጥር ቤተ መንግሥቶች በእሳት ጠፉ። ቀሪውን በ1968 የተደረገው ጦርነት ጎዳው። ለእኔ ከአዳራሹ ይልቅ ይህ ሜዳ የበለጠ ይናገራል፤ ሰዓት ቢሰጠኝ ግማሹን እዚያ አሳልፈዋለሁ።

ከዚህ ላይ አንድ የሚያከራክር ነገር አለ። ከጠፉት ሕንፃዎች አንዱ የነበረው የኪየን ትሩንግ ቤተ መንግሥት እንደ ገና ተሠርቶ በ2024 ለሕዝብ ተከፍቷል። ሕንፃው ያብረቀርቃል፤ ጎብኚም በብዛት ይጎርፍበታል። ደጋፊዎቹ «የአናጢው፣ የቀለም ቀቢውና የሸክላ ለጣፊው ጥበብ ከትውልድ ወደ ትውልድ የሚተላለፈው እንዲህ ሲሠራ ነው» ይላሉ፤ ይህ እውነትነት አለው። ይሁን እንጂ ፍርስራሹ ሁሉ እንዲህ ከታደሰ፣ የነገው ጎብኚ በዚህ ቦታ ጦርነት መኖሩን በምን ያውቃል? ቢያንስ ጥቂቱ መሠረት እንደ ፈረሰ ቢቀር የተሻለ ይመስለኛል።

ከምሳ በኋላ (የሁዌን የበሬ ሥጋና ቀጭን የሩዝ ፓስታ ያለበትን ሾርባ አትለፉት፤ ቃሪያውን ግን በልክ) አውቶቡሱ ወደ ነገሥታቱ መካነ መቃብር ይወስዳችኋል። ብዙዎቹ መርሐ ግብሮች በአንድ ከሰዓት በኋላ ሁለት ወይም ሦስት መካነ መቃብር ያሳያሉ። ይህ ስሕተት ነው እላለሁ። ሦስተኛው ላይ ሲደርስ የጎብኚው ዐይን ደክሞ፣ ድራጎን ከድራጎን፣ ደረጃ ከደረጃ አይለይም። አንዱን ብቻ እንድትመርጡ ቢፈቀድላችሁ የቱ ዱክን ምረጡ።

ቱ ዱክ ከ1847 እስከ 1883 ድረስ የገዛ፣ ከሥርወ መንግሥቱ ረጅም ዘመን የነገሠ ንጉሠ ነገሥት ነው። መካነ መቃብሩን ገና በሕይወት ሳለ ከ1864 እስከ 1867 አሠርቶ፣ በሐይቁ ዳር ባለው የእንጨት ሰገነት ላይ ተቀምጦ ግጥም ይገጥም ነበር። ሐይቁ፣ የጥድ ዛፎቹ፣ ጸጥታው ልብን ይማርካሉ። በዚህ ስፍራ አስጎብኚዎች ዘወትር የሚናገሩት አንድ ወግ አለ። ንጉሡ አስከሬኑ በድብቅ ቦታ ተቀብሮ፣ ቀባሪዎቹ 200 ሰዎች ምስጢሩን እንዳያወጡ አንገታቸው ተቀልቷል ይባላል። ጎብኚው ይህን ሲሰማ ይሰቀጥጠዋል፤ አገሩ ሲመለስም በመጀመሪያ የሚያወራው ይህንኑ ነው። ነገር ግን ወግ እንጂ የተረጋገጠ ታሪክ አይደለም።

የተረጋገጠው ታሪክ ሌላ ነው፤ እርሱም ከወጉ አያንስም። መካነ መቃብሩን የሠሩት በግዳጅ የመጡ ወታደሮችና ገበሬዎች ነበሩ። ሥራው ከባድ፣ አለቆቹም ጨካኞች ስለ ነበሩ በ1866 ሠራተኞቹ ዐመፁ። ዶዋን ሁ ትሩንግ በተባለ ሰው መሪነት ወደ ቤተ መንግሥቱ ዘመቱ። መሣሪያቸው ለግንቡ ኖራ ይወቅጡበት የነበረው ዘነዘና ስለ ነበር፣ ዐመፁ እስከ ዛሬ ድረስ የኖራ ዘነዘና ዐመፅ ተብሎ ይጠራል። ዐመፁ ከሸፈ፤ መሪዎቹም ተገደሉ። ንጉሡ ግን ደንግጦ ኖሮ የመካነ መቃብሩን ስም ለውጦ «ትሕትና» የሚል ትርጉም ባለው ቃል እንዲጠራ አደረገ። ወራሽ ልጅ ስላልነበረውም ልማዱ ልጅ የሚጽፈውን የመታሰቢያ ጽሑፍ ራሱ ጽፎ፣ 20 ቶን ያህል ይመዝናል በሚባል ድንጋይ ላይ አስቀረጸው። በጽሑፉም ላይ ጥፋቱንና ድካሙን ያምናል። አገሪቱ በከፊል በፈረንሳይ እጅ የወደቀችው በእርሱ ዘመን ነበርና።

እንግዲህ ፍረዱ። ሁለት መቶ የተቀሉ ቀባሪዎች ስማቸው የለም፤ መኖራቸውም አልተረጋገጠም። ዘነዘና ይዘው የተነሡት ሠራተኞች ግን በእርግጥ ኖረዋል፤ ጎብኚው የሚረግጠውን ድንጋይ ያነጠፉትም እነርሱ ናቸው። የመጀመሪያውን ሰምቶ ሁለተኛውን ሳይሰማ የሚመለስ ጎብኚ የቱ ዱክን መካነ መቃብር አይቷል ለማለት እንዴት እደፍራለሁ? የካይ ዲን መካነ መቃብር ዘንድም ነገሩ ይኸው ነው። ከ1920 እስከ 1931 በሲሚንቶና በብረት የተሠራው ይህ ሕንፃ ውስጡ በሸክላና በመስታወት ስብርባሪ አጊጦ ያንጸባርቃል፤ ለማሠሪያው የገበሬው የመሬት ግብር በመቶ 30 መጨመሩን ግን ግድግዳው አይናገርም።

በቀኑ መጨረሻ ላይ ብዙ ጊዜ የሚታየው በሽቶ ወንዝ ዳር፣ በ1601 የተመሠረተው የቲየን ሙ ገዳም ነው። በ1844 የተሠራው ባለ ሰባት ደርብ ግንብ ከሩቅ ይታያል። ከግንቡ በስተጀርባ ባለች መጠለያ ውስጥ አንዲት አሮጌ ሰማያዊ አውስቲን መኪና ቆማለች። ቲች ኳንግ ዱክ የተባሉት መነኩሴ ሰኔ 11 ቀን 1963 በዚህች መኪና ወደ ሳይጎን አደባባይ ሄደው፣ መንግሥት በቡድሂስቶች ላይ ያደርስ የነበረውን በደል በመቃወም ራሳቸውን በእሳት ሠውተዋል። ለዚያ ተቃውሞ ምክንያት የሆነው ግድያ ከአንድ ወር በፊት የተፈጸመው በሁዌ ከተማ ውስጥ ነው። መኪናዋ ፊት ያለ ጥያቄ ፎቶግራፍ ተነሥቶ መሄድ ቀላል ነው፤ ብዙዎችም እንዲሁ ያደርጋሉ።

በዚህ ሁሉ ጉዞ ውስጥ ሳይነሣ የሚታለፍ አንድ ወር አለ። ጥር 31 ቀን 1968 የሰሜን ቬትናምና የቬትኮንግ ሠራዊት ሁዌን ያዘ። የአሜሪካና የደቡብ ቬትናም ጦር ከተማዋን ለማስለቀቅ ወደ አንድ ወር የሚጠጋ ጊዜ ተዋጋ። በዚህ ጊዜ አብዛኛው የከተማዋ ቤት በመድፍና በቦምብ ፈረሰ። ውጊያው ካበቃ በኋላ ደግሞ በጅምላ የተቀበሩ፣ ከተማዋ በተያዘችበት ጊዜ የተረሸኑ ብዙ ሲቪሎች አስከሬን ተገኘ፤ ቁጥሩ ስንት እንደ ሆነ ሊቃውንት እስከ ዛሬ ይከራከራሉ። አሸናፊው ስለ ቦምቡ፣ ተሸናፊው ስለ ጅምላ መቃብሩ መናገር ይቀናዋል። በሁለቱም የሞተው ግን የሁዌ ሕዝብ ነው።

አስጎብኚው ይህን ለምን አይነግረንም? ብላችሁ ልትቈጡት ትችሉ ይሆናል። እኔ አልቈጣውም። እርሱ በየቀኑ ሠላሳ እንግዳ ይዞ፣ በተሰጠው ሰዓትና በተፈቀደለት ቃል የሚሠራ እንጀራ ፈላጊ ነው። ከእንግዶቹም አብዛኛው የሚጠይቀው መጸዳጃ ቤቱ የት እንደ ሆነ ነው። ብዙ ዓመት በመምህርነት ሳገለግል አንድ ነገር ተረድቻለሁ፤ ተማሪው ጥቁር ሰሌዳው ላይ ያለውን ገልብጦ ዝም ሲል መምህሩም በሚቀጥለው ዓመት ያንኑ ይጽፋል። የሚጠይቅ ተማሪ ያለበት ክፍል ውስጥ ግን መምህሩ ማታ ማታ መጽሐፍ ይገልጣል። በአስጎብኚና በእንግዳ መካከል ያለውም ግንኙነት ከዚህ አይለይም። እናንተም አንድ ቀን እንግዳ ወይም አስጎብኚ መሆናችሁ አይቀርም።

ስለዚህ ለአንድ ቀን ጉብኝት የሚሄድ ሰው ከመነሣቱ በፊት ጥቂት ገጾች ያንብብ፤ ከሦስት መካነ መቃብር በአንዱ ይብቃው፤ የተረፈውንም ሰዓት ከመርሐ ግብሩ ውጭ ያለ ቦታ ለማየት ይለምንበት። በሁዌ እኔ የምለምነው ቦታ አለኝ። ዱይ ታን በ1907 ገና በሰባት ዓመቱ ዙፋን ላይ የተቀመጠ ልጅ ነበር። ፈረንሳዮቹ ሕፃን ስለ ሆነ ይታዘዘናል ብለው መርጠውት ነበር፤ እርሱ ግን በ1916 ዐመፅ ሊያስነሣባቸው ሲል ተይዞ ሬዩንዮን ወደምትባለው የሕንድ ውቅያኖስ ደሴት ተጋዘ። በታኅሣሥ 1945፣ አገሩን እንደ ገና ለማየት ተስፋ በሚያደርግበት ጊዜ፣ የተሳፈረበት አውሮፕላን በመካከለኛው አፍሪካ ወድቆ ሞተ። አፅሙ በአፍሪካ ምድር ከአርባ ዓመት በላይ ከቆየ በኋላ በ1987 ወደ ሁዌ ተመልሶ አን ላንግ በተባለው መካነ መቃብር ከአባቱ ጎን ዐረፈ። ቦታው ከከተማው መሐል ሩቅ አይደለም፤ አብዛኛው የአንድ ቀን መርሐ ግብር ግን አይደርስበትም። አስጎብኚው ለምን እንደ ፈለጋችሁት ከጠየቃችሁ፣ ይህ ሰው አፈር የቀመሰው በእኛ ክፍለ ዓለም ነው ብላችሁ ንገሩት።