አሮጌው ቁምሳጥን ለግሸን በዓል

መስከረም 21 የግሸን ማርያም ክብረ በዓል ነው። ወደ አምባሰል የሚያልፍ ዘመድ እናንተ ዘንድ ሊያርፍ ይችላል፤ ቀለሙ የለቀቀው ቁምሳጥንም ያሳስባችሁ ይሆናል። ለመጣል አትቸኩሉ፤ ተለጣፊ የግድግዳ ወረቀት ያድሰዋል። ግድግዳቸውን በጋዜጣ ያስጌጡ የነበሩ እናቶቻችን ዘዴውን ያውቁታል።

ወረቀት ግን ጉዳትን ይሸፍናል እንጂ አያድንም። ስለዚህ መጀመሪያ ከግድግዳው አርቃችሁ ጀርባውን እዩ። ክረምቱ እርጥበት ጥሎበት ከሆነ በሩን ከፍታችሁ በደንብ ይድረቅ፤ በእርጥብ እንጨት ላይ የተለጠፈ ወረቀት ሻጋታ ያፈራል። ከሥሩ እንደ ዱቄት የላመ ብናኝ ካያችሁ እንጨቱ ሳይነቅዝ አልቀረምና አስቀድማችሁ አናጺ አሳዩት።

ደህና ከሆነ እጀታዎቹን ፍቱ፤ ቅባቱን በሳሙና ውሃ አጽዱ፤ ሲደርቅ በብርጭቆ ወረቀት በስሱ ፈግፍጉ። ወረቀቱን ከልኩ 2 ሳንቲ ሜትር አስረዝማችሁ ቁረጡ። ከላይ ጀምራችሁ ጀርባውን ጥቂት በጥቂት እየላጣችሁ ለጥፉ፤ አየሩን በደረቅ ጨርቅ ከመሃል ወደ ዳር ግፉት። የቀረችውን አረፋ በመርፌ ወግታችሁ ተጫኗት፤ ትርፉን በምላጭ ከርክሙ።

ለጀማሪ የመስታወት ብፌ የውስጥ ጀርባ ይመረጣል፤ እጅ አይበዛበትም። ቁራጩንም አትጣሉ፤ ነገ ልጆች ሲቧጭሩት መጠገኛ ይሆናችኋል።