ስለ እግር ጉዞና ስለ ጀልባ ቀዘፋ፤ ልጆች በየደረጃው ሊማሩት የሚገባ ስለ መሆኑ

በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ያደገ ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው፥ ፊደል ያልቈጠረ ልጅ ዳዊት አይሰጠውም፤ ዳዊት ያልደገመም ወደ ቅኔ ቤት አይገባም። ቅኔ ቤት የገባውም ቢሆን በመጀመሪያው ቀን መወድስ ተቀኝ አይባልም፤ ከሁለት ቤት ከምትሆነው ከጉባኤ ቃና ጀምሮ ቀስ በቀስ ይወጣል። መምህሩም ተማሪውን ከአንዱ ደረጃ ወደ ሌላው የሚያሳልፈው ዕድሜውን ወይም የአባቱን ማዕርግ አይቶ አይደለም፤ የቀደመውን አጥርቶ መያዙን ፈትኖ ነው።

ለመጽሐፍ ትምህርት ይህን ያህል ሥርዓት የምንጠብቅ ስንሆን፥ ልጆቻችን ስንቅና ድንኳን በጀርባቸው አዝለው ወደ ዱር ለመሄድ ወይም በጀልባ ወንዝ ለመውረድ ፈቃድ ሲጠይቁን ግን የምንጠይቃቸው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ይኸውም «ከማን ጋር ትሄዳለህ?» የሚል ነው። ጥያቄው ደግ ነው፤ ነገር ግን አይበቃም። «ከዚህ በፊት ምን ያህል ሄደሃል? ጭነትህስ ስንት ኪሎ ነው? በመንገድህ ላይ የሚሻገሩት ወንዝ አለን?» ብሎ የሚመረምር ወላጅ ጥቂት ነው። ስለዚህ ነገር በዛሬው ጽሑፋችን ጥቂት ለመናገር አስበናል፤ ምሳሌውንም ከምንኖርበት ከቦንጋና ከካፋ አገር እንወስዳለን። የምንጠቅሰው ዓመት ሁሉ በፈረንጅ ቍጥር መሆኑን አንባቢ ይወቅልን።

የካፋ ምድር ለእግረኛ ትምህርት ቤት ሆኖ የተፈጠረ ይመስላል። ከኦሞ ቆላ ተነሥቶ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር እስከሚበልጠው ደጋ ድረስ ይወጣል፤ በመካከሉም ቡና ሰው ሳይተክለው የሚበቅልበት ደን አለ። ይህንኑ አገር ዩኔስኮ በ2010 የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ አድርጎ መዝግቦታል። በሰሜን በኩል የጎጀብ ወንዝ ከጅማ ይለየዋል። ዝናሙ ብዙ ነው፤ ደረቁ ጊዜ ከኅዳር እስከ የካቲት ያለው ሲሆን እርሱም ቢሆን ፈጽሞ የታመነ አይደለም። እንጦጦን ወጥቶ የተመለሰ የአዲስ አበባ ጐበዝ በዚህ ደን ውስጥ በጊዜ ሲደክም ብዙ ጊዜ አይተናል። ቦንጋ ከአዲስ አበባ ዝቅ ያለች ስለ ሆነች አየሩ አልከበደውም፤ የሚያደክመው ጭቃው፥ የዛፉ ሥርና ሩቅ የማያሳየው ጥላ ነው። በአንጻሩ በረጅም ዛፍ ላይ የተሰቀለ ቀፎ ሊቈርጥ በገመድ የሚወጣው የካፋ ማር ቈራጭ ያንኑ መንገድ ማር ተሸክሞ ሳይቸገር ይሄደዋል። ስለዚህ በዚህ አገር የደረጃውን ከፍተኛ ወንበር ማን እንደ ያዘ መርሳት አይገባም፤ ጫማውም ውድ አይደለም።

የመጀመሪያው ደረጃ ያለ ጭነት የግማሽ ቀን መንገድ ነው። በቦንጋ ዙሪያ ለዚህ የሚሆን ሥፍራ አይጠፋም፤ ባርታ ፏፏቴ፥ ደግሞም የእግዜር ድልድይ የሚባለው በተፈጥሮ የተሠራው የድንጋይ ድልድይ አለ። ተማሪው በዚህ ጊዜ የሚማረው ጫማው እግሩን የሚልጠው መሆኑንና አለመሆኑን፥ ውሃ ምን ያህል እንደሚጠጣ፥ ገብረ ጉንዳን ሲያጋጥም ሱሪን በካልሲ ውስጥ መክተትን ነው። ነገሩ ትንሽ ይመስላል፤ ዳሩ ግን አባቶቻችን «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ያሉት እንዲህ ያለውን ለሚንቅ ሰው ነው።

ሁለተኛው ደረጃ ጥቂት ሸክም ይዞ ሙሉ ቀን መሄድ ነው። ሰዓትን መገመት የሚለመደው እዚህ ላይ ነው። ናይስሚዝ የተባለ የስኮትላንድ ሰው በ1892 የጻፈው ሒሳብ እስከ ዛሬ ይሠራበታል፤ ለ5 ኪሎ ሜትር 1 ሰዓት፥ ለ600 ሜትር አቀበትም ሌላ 1 ሰዓት ይታሰባል። ስለዚህ 10 ኪሎ ሜትር ርቀትና 600 ሜትር አቀበት ያለው መንገድ 3 ሰዓት ይፈጃል ማለት ነው። ነገር ግን ናይስሚዝ የካፋን ጭቃ አላየም፤ በእኛ ግምት ዝናም በጣለ ማግሥት ይህን ቍጥር እጥፍ ማድረግ ይሻላል። የማኅበሩም እርምጃ የሚለካው በዘገምተኛው ጓደኛ እንጂ በፈጣኑ አይደለም።

ሦስተኛው ውጭ ማደር ነው። በዚህ ጊዜ ድንኳን፥ ብርድ ልብስ፥ ምግብና ድስት ስለሚጨመሩ ጭነቱ በአንድ ጊዜ ይከብዳል። ልማድ ያለው አዋቂ ሰው ከራሱ ክብደት ሩብ የማይበልጥ ይሸከም ይባላል፤ 60 ኪሎ የሚመዝን ቢሆን 15 ኪሎ ነው። ለልጅ ከዚህ በብዙ ያንሳል። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ መሆኑን የረሳ ሰው በአቀበቱ መካከል ያስታውሰዋል። የቀድሞ መኳንንቶቻችን ስንቃቸውን በበቅሎ ሲያስጭኑ ለበቅሎዋ ያዝኑላት ነበር፤ ዛሬ ለልጃችን ጀርባ ከዚያ ያነሰ ማዘን አይገባም።

የአዳሩን ብዛት በምን መጠን መጨመር እንደሚገባ ለሚጠይቅ፥ የኤዲንብራው መስፍን ፊልጶስ በ1956 ያቋቋሙት የወጣቶች ሽልማት መልካም አብነት ይሆናል። በናስ ደረጃ 2 ቀንና 1 ሌሊት፥ በብር ደረጃ 3 ቀንና 2 ሌሊት፥ በወርቅ ደረጃ 4 ቀንና 3 ሌሊት ነው፤ ለመጀመርም 14፥ 15ና 16 ዓመት የሞላው መሆን ይገባዋል። በየደረጃው አንድ ሌሊት ብቻ መጨመሩን ልብ ይሏል። ከዋናው ጉዞ በፊት የልምምድ ጉዞ አለ፤ ይህንን ሳያደርጉ ዘልለው መንክራን ወደ መሰለ የራቀ ደን የሚሄዱ ወጣቶች ማኅበራቸውን ሊወቅሱ ይገባል።

ወደ ውሃው እንመለስ። ቀዘፋ የሚጀመረው በወንዝ ሳይሆን በረጋ ውሃ ነው። በጣና ዳር የሚያድግ ልጅ በደንገል ታንኳ ላይ ሚዛኑን መጠበቅ ከሕፃንነቱ ይለምዳል። ካፋ ግን ትልቅ ሐይቅ ስለሌላት የእኛ ልጆች ወደ ሐዋሳ ወይም ወደ ቢሾፍቱ ሄደው መጀመር ይሻላቸዋል። አስቀድሞ ዋና፥ ቀጥሎም ጀልባ ሲገለበጥ ወጥቶ መልሶ መሳፈር፥ ከዚያ ወዲያ ማቅናት፥ ማዞርና ማቆም ነው። የሚያንሳፍፍ ሰደርያና የራስ ቍር የሌለው ልጅ ግን በየትኛውም ደረጃ ላይ ቢሆን ወደ ወንዝ አይቀርብም።

ወንዞችን የሚያውቁ ሰዎች የሚናወጠውን ውሃ ከ1 እስከ 6 ከፍለውታል። 1 ጀማሪ የሚወርደው፥ 3 ጀልባን በጠባብ መካከል ማዞር ለሚችል፥ 4 ደግሞ ከመግባት በፊት ከዳር ወርዶ መመልከት የሚያስፈልገው ነው፤ 6 የሕይወት አደጋ ስለ ሆነ ስለ እርሱ በቤተ ሰብ ገጽ ላይ የምንጽፈው የለንም። ዋናው ነገር ቍጥሩ የወንዙ የዘላለም ስም አለመሆኑ ነው። በጥር 2 የነበረው በነሐሴ 4 ሊሆን ይችላል። በ1973 ሪቻርድ ባንግስ የተባለው አሜሪካዊና ጓደኞቹ ኦሞን በላስቲክ ጀልባ ወርደው፥ ኩባንያቸውን በጥንት ግብፃውያን የአዞ አምላክ በሶቤክ ስም ጠሩት፤ አዞ ምን ያህል እንዳስቸገራቸው ከዚሁ ይታወቃል። የእነርሱን ታሪክ አንብቦ ያንኑ መንገድ ዛሬ የሚፈልግ ወጣት ግን አያገኘውም፤ በ2016 የተመረቀው 243 ሜትር ቁመት ያለው የግልገል ጊቤ ሦስተኛው ግድብ የላይኛውን ሸለቆ 150 ኪሎ ሜትር ያህል ሐይቅ አድርጎታልና።

በዚህ ሁሉ ውስጥ እጅግ የሚያሳስበን መሻገሪያው ነው። በ1968 የእንግሊዝ ወታደሮች በብላሽፎርድ ስኔል መሪነት በክረምት ዐባይን ሲወርዱ፥ ከመካከላቸው አንዱ የሞተው ከገባር ወንዞች አንዱን ሲሻገር ነው። የሠለጠነ ወታደር ይህ ከደረሰበት፥ ከትምህርት ቤት የወጣ ልጅ በጎጀብ ገባሮች ላይ ምን ያህል መጠንቀቅ አለበት! ከጕልበት በላይ የሚደርስ ፈጣን ውሃ አይገቡበትም። ጠባቡ ሥፍራ ለዓይን ቢቀልም ውሃው የሚጠልቀውና የሚበረታው በዚያ ነው፤ ስለዚህ ሰፊውን ይመርጧል። ከመግባት በፊት ከመሻገሪያው በታች ያለውን ማየት ያስፈልጋል፤ በውሃው ውስጥ የወደቀ ዛፍ ካለ ውሃው በቅርንጫፉ መካከል ሲያልፍ ሰውን ግን ይዞ ያስቀራል። የሸክሙ ማሰሪያ በወገብና በደረት ላይ ይፈታል፤ ጫማ አይወለቅም፤ ምርኩዝ ይዞ ፊትን ውሃው ወደሚመጣበት አዙሮ በጐን ይሄዷል። የወሰደው ሰው በጀርባው ተንጋልሎ እግሩን ወደ ፊት ያስቀድም።

ከሁሉም የሚበልጠው ጥበብ መጠበቅ ነው። በተራራው ላይ ማንም ሳያየው የጣለው ዝናም ትንሹን ወንዝ ይሞላዋል፤ ዝናሙ ሲያባራም ብዙ ጊዜ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ይጐድላል። ለመጠበቅ ግን የሚበላ ነገር ያስፈልጋል። የአንድ ቀን ትርፍ ስንቅ የያዘ ልጅ በወንዙ ዳር ተቀምጦ ያድራል፤ ያልያዘው ግን ረኃብ ይገፋዋል። ስለዚህ አንድ ማኅበር አባሉን ወደ ሦስተኛው ደረጃ ከማሳለፉ በፊት ይህን ትርፍ ስንቅ ፈትሾ ማየት አለበት እንላለን።

ከረኃብ ሌላ የሚገፋ ነገር አለ፤ እርሱም የወላጅ ቍጣ ነው። «እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት ካልተመለስህ ወዮልህ» የተባለ ልጅ የሞላ ወንዝ ሲያይ ከውሃው ይልቅ አባቱን ይፈራል። እንግዲህ የመዝገብ ጸሐፊ ስለ ሆንን ነገሩ በጽሑፍ ቢሆን እንወዳለን። ልጁ ወይም ልጅቱ ከመሄዳቸው በፊት የጓደኞቻቸውን ስም፥ የሚሄዱበትን መንገድና የመሪያቸውን ስም ጽፈው ለእናታቸው ይስጡ፤ በወረቀቱም ላይ ሁለት ሰዓት ይጻፍ። አንደኛው እንመለሳለን ብለው የሚያስቡት፥ ሁለተኛው ደግሞ እርሱ ካለፈ ሰው ተሰብስቦ ፍለጋ የሚወጣበት ነው። በሁለቱ መካከል ለመጣ ልጅ ራት ይቅረብለት፤ ለምን ዘገየህ ተብሎም አይጠየቅ።